ከእንድሪስ ቤት የተገኘው አውሮፕላን

«ከእንድሪስ ቤት እኮ አውሮፕላን ተገኘ!»

ይህን ያለችው የካቲት ውስጥ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በወሎ ሰፈር የቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ለስኳር ከተሰለፉት ሴቶች አንዷ ናት። ሰልፉ አልሳቀም። በ1970 ዓ.ም. ሰው ሰልፍ ላይ መሳቅ ከተወ ቆይቷል፤ የሳቀ ሰው ምን እንዳሳቀው ይጠየቃላ! እንዲያውም ከኋላ የቆመችው ቀበል አድርጋ፣ «አውሮፕላኑ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ አራት ቦምብና ሁለት ሚሳይልም አብሮ ተይዟል። አብራሪው ሳይቀር ተገኝቷል አሉ» አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ፣ «ወይ ጉድ! በዚያች አንድ ክፍል ቤት በየት በኩል አስገባው?» ብላ ከልቧ ጠየቀች። የቢተው ሚስት ፈለቀችም ይህን ሰማች። ነጋዴ ሦስት ብር የሚጠራበትን ስኳር በአንድ ብር ከሃምሳ ልትወስድ ገና ሳይነጋ ነበር የተሰለፈችው፤ ተራዋ ሊደርስ የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ግድ አልሰጣትም፤ ካርዷንና ዘንቢሏን ሰብስባ ወደ ቤቷ ገሰገሰች። በዚያን ጊዜ የስኳር ተራ ጥሎ የሚሄድ ሰው ወይ አብዷል፣ ወይ ሰው ሞቶበታል።

ቢተው በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የጎረቤት የጋዝ ምድጃ ይጠግን ነበር። ሻምበል ባሻ ቢተው ይሉታል የሰፈሩ ሰዎች፤ ሃያ ሁለት ዓመት በደብረ ዘይት አየር ኃይል የጄት ቆርቆሮ ሲቀጥልና ሲፈትሽ ኖሮ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው በጡረታ የወጣ ሰው ነው። ፈለቀች የሰማችውን አንድ በአንድ ነገረችው። ፒንሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳው፣ እንደገና አስቀመጠው። እንድሪስ የታናሽ እህቱ የፀሐይነሽ ባል ነው። የቄስ ልጅ ሆና እስላም አገባች ብሎ ቢተው ሰርጓ ላይ ሳይገኝ ቀረ፤ እነሆ አራት ዓመቱ። ቤታቸው የሚለያየው በሁለት ግቢ ነው፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ እሷ አጥር ታያለች፣ እሱ ሰማይ ያያል። እንድሪስ ብቻ ነው በተገናኙ ቁጥር ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ ቆሞ፣ «ጋሽ ቢተው፣ እንደምን አደሩ?» የሚለው፤ ቢተው ደግሞ በአፍንጫው «እህ» ብሎ ያልፋል። ይህ «እህ» ለአራት ዓመት ከቤተሰቡ ለዚያ ሰው የደረሰው ቃል ሁሉ ነው።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው ፈለቀች።

«ምን አደርጋለሁ? እኔን ምን አገባኝ?» አለና ፒንሳውን ደግሞ አነሳው። ገና መልሱን ሳይጨርስ የግቢው ቆርቆሮ በር ተንኳኳ። ጠመንጃ በትከሻው ያንጠለጠለ የአብዮት ጥበቃ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ሊቀመንበሩ ይፈልግሃል፤ አሁኑኑ» አለው። ፈለቀች ኮቱን አምጥታ እያለበሰችው በጆሮው፣ «በማርያም ይዤሃለሁ፣ የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ። በአፍ ይጠፉ፣ በለፈለፉ ነው» አለችው። ቢተው ጥበቃውን ተከትሎ ወጣ። መንገዱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ለእሱ ግን እስከ ጎሮ የሄደ ያህል ረዘመበት።

ቀበሌው ያለው ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ ቪላ ውስጥ ነው። ሳሎኑ ጽሕፈት ቤት፣ ማድ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ጋራዡ እስር ቤት ሆኗል። የባለቤቱ ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ አሁንም እዚያው ሳሎኑ መሀል ነው፤ ሥዕሎች ተሰቅለውባቸው የነበሩት ምስማሮችም አልተነቀሉም። ሊቀመንበሩ ብርሃኑ ከአብዮቱ በፊት ኦሎምፒያ አካባቢ ጎሚስታ ነበር፤ ያኔ ቢተው በደጁ ሲያልፍ የያዘውን ጎማ ጥሎ እየተነሳ፣ «ሻምበል ባሻ፣ ይግቡ እንጂ፣ አረፍ ይበሉ» ይለው ነበር። አሁን ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ «ጓድ ቢተው፣ ቅረብ» አለውና አንድ ወረቀት አንስቶ ማንበብ ጀመረ። «ትናንት ማታ በተደረገው ፍተሻ የተገኘ ንብረት። ተራ ቁጥር አንድ፤ አውሮፕላን፣ የጦር፣ ተገጥሞ ያላለቀ፣ አንድ። ሁለት፤ ቦምብ፣ አራት። ሦስት፤ ሚሳይል፣ ሁለት። አራት፤ አብራሪ፣ ፊት የሌለው፣ አንድ። አምስት፤ የአሠራር ፕላን፣ በባዕድ ቋንቋ፣ አንድ። ስድስት፤ የሚሸት ፈሳሽ፣ በቱቦ፣ አንድ።»

አንብቦ ሲጨርስ በጠረጴዛው ላይ ወዳለው አመለከተ። አንድ የጫማ ካርቶን የሚያህል ሳጥን ነው። ክዳኑ ላይ ደመና የሚሰነጥቅ ጄት ተሥሏል፤ ከሳጥኑ አጠገብ ደግሞ ክንፉ ከወገቡ የተገጠመ፣ ጅራት የሌለው፣ ከክንድ የማይረዝም የፕላስቲክ አውሮፕላን ተኝቷል። የቀሩት ቁርጥራጮች በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረዋል። ቦምቦቹም እዚያው ናቸው፤ እያንዳንዱ የቡና ፍሬ ያክላል። ቢተው ሳቁ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር፤ የሊቀመንበሩን ፊት ሲያይ መልሶ ዋጠው። መጫወቻ ነው፣ የፈረንጅ መገጣጠሚያ መጫወቻ! ግን ደግሞ ኤፍ-ፋይቭ ነው። እሱ የአገልግሎቱን የመጨረሻ ዓመታት የጨረሰባቸው ጄቶች፣ በዚያ ሰሞን በሬዲዮ ሌት ተቀን በኦጋዴን ጀብዱ የሚነገርላቸው። ሳጥኑ ላይ የአሜሪካ ኮከብ አለበት። በዚያን ሰሞን አሜሪካ ጠላት፣ አሜሪካ የሠራችው አውሮፕላን ደግሞ ጀግና ነበር፤ ሁለቱን ባንድ ዐረፍተ ነገር የሚናገር ሰው ግን አልተገኘም።

«ነገሩ የዋዛ እንዳይመስልህ» አለ ብርሃኑ። «ጦርነት ላይ ነን። አየር መንገዱ ውስጥ መቀመጫ የሚሰፋ ሰው ይህን ምን ይሠራለታል? አንድ አስተናጋጅ ከውጭ አመጣልኝ ይላል፤ ይሁን። ለማን ነው የምትሠራው ብንለው ግን ‹ለአንድ ሰው ነው› ይልና ይዘጋል። ሲጠየቅ አደረ፤ አንድ ስም አይወጣውም። እንግዲህ ስማ። በስምንት ሰዓት ካድሬው ከበላያችን ካለው ከከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ይመጣል። ይህ ዕቃ መጫወቻ ነው ወይስ የጦር ምስጢር የሚለውን ባለሙያ ገምግሞ በጽሑፍ ያቅርብ ተብለናል። በሰፈሩ ካንተ ሌላ የሚያውቅ የለም። መጫወቻ ከሆነ ሰውየው ዛሬ ይፈታል። ምስጢር ከሆነ ማታ ወደ ከፍተኛ ይሄዳል።» የንብረቱን ዝርዝር አጠፈና፣ «እህትህን እንዳገባ እናውቃለን። ለዘመድ ብለህ ብታድበሰብስ ግን አብረኸው ነህ» ሲል ጨመረ። ማታ ወደ ከፍተኛ የሄደ ሰው ጠዋት የት እንደሚገኝ ቢተውም ያውቃል፣ ብርሃኑም ያውቃል፣ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃም ያውቃል።

ቢተው መነጽሩን አወጣና ተቀመጠ። እጁ እስካሁን አላረፈም ነበር፤ የአውሮፕላኑን ወገብ ሲነካ ግን ቀጥ አለ። የእጅ ነገር እንዲህ ነው፣ ሥራውን ሲያገኝ ፍርሃቱን ይረሳል። መጀመሪያ ያየው አገጣጠሙን ነው። ሁለቱ ጎኖች የተጣበቁበት መስመር በጥፍር ቢፈለግ አይገኝም፤ እንድሪስ በአሸዋ ወረቀት ፍቆ፣ በጨርቅ ወልውሎ አጥፍቶታል። «መቀመጫ ሰፊው ለካ እጅ አለው» አለ በልቡ፤ ቅር እያለውም ቢሆን አደነቀ። ከዚያ ወደ ግምገማው ገባ። መጫወቻ ነው ብሎ አንድ መስመር ጽፎ ቢነሳ ምን ይሉታል? ዘመዱን ሊያስመልጥ ነው ይሉታል። ስለዚህ መጫወቻ መሆኑን ማሳመን አለበት። ማሳመኛው ደግሞ ዐይኑ ሥር ነው፤ ዕቃው ስህተት ነው! አፍንጫው አጥሯል። የፊት ጎማው ወደ ኋላ የሚታጠፍ ተደርጎ ተሠርቷል፤ የእውነተኛው የሚታጠፈው ወደ ፊት ነው። ሆዱ ሥር ሁለት መሆን የነበረባቸው የአየር ፍሬኖች አንድ ሆነዋል። የነዳጅ መሙያው ክዳን ያለቦታው ተቀምጧል። ጠላት ይህን አይቶ አውሮፕላን ልወቅ ቢል ራሱን ነው የሚያሳስተው። ቢተው ልቡ ቀለል አለው፤ ሊቀመንበሩ የሰጠውን ወረቀት ወደ ራሱ ሳበና ማስታወሻ መያዝ ጀመረ።

አየር ኃይል ያስተማረው ይህንኑ ነው። አውሮፕላን ሲፈተሽ ጉድለቱ ተለቅሞ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከጎኑ ትክክለኛው ምን መሆን እንዳለበት ተጽፎ ነው ቅጹ የሚፈረመው። ያሠለጠነው አለቃ፣ «ጉድለት የሌለበት ቅጽ የሰነፍ ቅጽ ነው» ይል ነበር፤ ቢተው በሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ቀን ባዶ ቅጽ ፈርሞ አያውቅም። ስድስተኛውን ጉድለት ሲጽፍ ከጋራዡ በኩል ሳል ሰማ፤ ደረቅ፣ ረጅም፣ ማለቂያው የሚያቃትት ሳል። ቀና ሲል በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ አገኘው። ቢተው ተመልሶ ጎንበስ አለና ሦስት ጉድለት ጨመረ። ብርሃኑም ማስታወሻውን ቤቱ ወስዶ በሁለት ኮፒ በንጹሕ እንዲገለብጥና ስምንት ሰዓት ላይ ይዞ እንዲመጣ ነገረው።

ቤቱ ሲገባ ፀሐይነሽን ሳሎኑ መሀል ቆማ አገኛት። ፈለቀች ወንበር አቅርባላት ነበር፤ አልተቀመጠችም። አራት ዓመት ያልረገጠችውን ቤት በዐይኗ እየዞረች ታያለች፤ ያባታቸው ፎቶግራፍ ካለበት ላይ ስትደርስ ቶሎ ታልፋለች። ከስታለች። ቢተው «ደህና ነሽ?» ቢላት ሽሙጥ ይመስላል፤ ዝም ቢላት ደግሞ የቆየው ዝምታ ይቀጥላል። ወንበሩን ስቦ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ፤ ወረቀቱን ዘረጋ፤ ብዕሩን አወጣ። ከውጭ የሰፈሩ ዶሮዎች ሲጮሁ ይሰማል፤ አንድ አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሊያርፍ ሲወርድ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ድምፁ እስኪያልፍ ሦስቱም ጠበቁ።

«ምን አሉህ?» አለች ፀሐይነሽ።

«መጫወቻ መሆኑን ጽፌ ባሳምን ዛሬ ይወጣል።»

«መጫወቻ ነዋ! መጫወቻ ነው ብለህ ጻፍና ስጣቸው፤ ምን ይህ ሁሉ ወረቀት?»

«እንደሱ ብቻ ብል አያምኑኝም። ዘመድ ነኝ።»

ይህ ቃል ሳያስበው ከአፉ አመለጠው። ፀሐይነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ እጇን በነጠላዋ ውስጥ እያፍተለተለች ነገረችው። «ለማን ነው የምትሠራው እያሉ ሌሊቱን ሙሉ እግሩን ገርፈውታል። ድምፁን ከአጥሩ ውጭ ሆኜ እሰማው ነበር። ስሙን አልሰጠም፤ አይሰጥምም። ለማን እንደሆነ እኔ ልንገርህ። ላንተ ነው። ለፋሲካ ይዘንልህ ልንመጣ ነበር። ‹ጋሽ ቢተው የኖሩበት ዕቃ ነው፤ ሲያዩት ሳይስቁ አይቀሩም፤ አንዴ ከሳቁ ደግሞ እንነጋገራለን› ይለኝ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ መብራት ሥር ተቀምጦ ሲፍቅ።» ፈለቀች «ወይኔ!» ብላ አፏን ያዘች። ቢተው ፍርሃቱ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ከአናቱ ወረደበት፤ እንድሪስ አንድ ስም ቢተነፍስ ኖሮ በዚያ ጋራዥ ያደረው እሱም ነበር። ከፍርሃቱ ቀጥሎ የመጣው ኀፍረት ነው፤ ይህኛው ባሰበት። ባልተገኘበት ሰርግ፣ በመለሰለት «እህ»፣ ባሳለፋቸው አራት ፋሲካዎች ሁሉ አፈረ። እህቱን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ማስታወሻውን እያየ፣ በዚያ ቅርጹ በሚያምር የአየር ኃይል ጽሕፈቱ፣ ዘጠኙን ጉድለት በቁጥር ደረደረ፤ ከእያንዳንዱ ትይዩ የእውነተኛው አውሮፕላን እንዴት እንደሆነ አስፍሮ ከሥሩ በቀይ አሰመረበት። አሁን የሚጽፈው ራሱን ለመከላከል ብቻ አልነበረም፤ ያንን ሰው ከጋራዥ በእጁ ጎትቶ ሊያወጣው ነበር የፈለገው፤ ዕዳውን የሚከፍልበት ሌላ ሙያም የለውም። ፀሐይነሽ ከትከሻው በላይ እያነበበች፣ «ጋሼ፣ ብዙ አትጻፍ። ዝም አይነቅዝም ይባላል» አለችው። «ጋሼ» ሲባል ከአራት ዓመት በኋላ መስማቱ ነው። ብዕሩ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ፣ «አንቺ ይህን ሥራ አታውቂውም፤ ባዶ ቅጽ አይታመንም» አላትና ሁለተኛውን ኮፒ መገልበጥ ቀጠለ። ፈለቀች ያቀረበችው ሽሮ ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዞ ቀረ።

ከስምንት ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ ቀበሌው ደረሰ። ፀሐይነሽ ተከትላው መጥታ በር ላይ ቀረች፤ ወደ ውስጥ አያስገቧትም። ካድሬው ቀድሞ ተገኝቷል። ቢተው የጠበቀው የሚጮኽ ሰው ነበር፤ ያገኘው ግን ፊቱ የተማሪ የሚመስል፣ ጸጉሩን የተበጠረ፣ ድምፁ ለስላሳ ወጣት ነው። ተነስቶ ጨበጠው። «ሻምበል ባሻ፣ ይቀመጡ። ጊዜዎን ስለወሰድን ይቅርታ» አለው። አንቱታው ቢተውን እንደማስደሰት አስፈራው። ካድሬው ሁለቱን ገጽ አንብቦ ጨረሰና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እያነበበ አውሮፕላኑን በግራ እጁ ያገላብጣል። ብርሃኑ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ የካድሬውን ፊት ያያል። ከጋራዡ ያ ሳል መጣ፤ ቆመ።

«ጽሕፈትዎ ያምራል» አለ ካድሬው። «እንግዲህ ይህ ፕላስቲክ ስህተት ነው እያሉ ነው?»

«ዘጠኝ ቦታ ስህተት ነው፣ ጌታዬ። መጫወቻ ስለሆነ ነው። ጠላት ቢያገኘው ይሳሳትበታል እንጂ አይጠቀምበትም።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት፤ እሱም ሰማው።

«ጥሩ ሥራ ነው። ሌላ ሰው ይህን ያህል አይለፋም።» ካድሬው ወረቀቱን ከአውሮፕላኑ ጎን አስቀምጦ ሁለቱን በመዳፉ አስጠጋቸው። «ግን ይዩልኝማ። ፕላስቲኩ ብቻውን ስህተት ነው። ይህን ወረቀት ከጎኑ ያገኘ ሰው ደግሞ ስህተቱን አርሞ እውነተኛውን ያውቃል። ቁጥር ሰባት ላይ ነዳጅ የሚሞላው በየት በኩል እንደሆነ ጽፈዋል፤ ያውም በቀይ አስምረው። ይህን እንዲጽፉ ማን ፈቀደልዎ? ከአየር ኃይል ሲወጡ በሥራ ላይ ያወቁትን እንዳያወጡ የፈረሙት ነገር የለም?»

ፈርሟል። የጡረታ ወረቀቱን ሲቀበል፣ አንድ ጸሐፊ ከፊቱ የደረደረለት አምስት ወይም ስድስት ወረቀት ውስጥ ነበር፤ ሳያነበው ነው የፈረመው። ቢተው ግምገማ ብሎ የያዘው ወረቀት እሱ ራሱ በእጁ የጻፈው የጦር ምስጢር ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ያውም በሁለት ኮፒ። ብርሃኑም ነገሩ አሁን የገባው ይመስላል፤ ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ።

«ሁለት መንገድ አለ» አለ ካድሬው፣ አሁንም በዚያው ለስላሳ ድምፅ። «አንዱ፣ የጻፍኩት ሁሉ ትክክል ነው ብለው እዚህ ታች ይፈርማሉ። ሰውየው መጫወቻ ነበር የያዘው ማለት ነው፤ አሁን ይወጣል። እርስዎ ግን ስለ ቁጥር ሰባት ለመነጋገር እኛ ጋ ይቆያሉ። ሁለተኛው፣ ዘንግቼዋለሁ፣ ዕድሜ ነው፣ ተሳስቼ ነው የጻፍኩት ይላሉ። ወረቀቱን እዚሁ ቀድደን እንጥለዋለን፤ እርስዎ ወደ ቤትዎ። ያኔ ግን ፕላስቲኩ ስህተት የለበትም ማለት ነው፤ ስለሱ ከሰውየው ጋር ማታ ከፍተኛ እንነጋገራለን።» ብዕሩን ከፍቶ ከወረቀቱ አጠገብ አጋደመለት።

«ዘነጋሁ» ማለት ለአንድ ጡረተኛ ምን ያስቸግራል? በየቀኑ መነጽሩን የት እንዳስቀመጠ ይዘነጋ የለ! ማን ይፈርድበታል? ለፀሐይነሽም፣ «የተቻለኝን አደረግሁ፤ አላመኑኝም» ቢላት ታምነዋለች፤ ጋሼ ትለዋለች፤ አብረው ያለቅሳሉ። ፈለቀች ብቻዋን እንዴት ታድራለች? ለጡረታው ማን ይሄድላታል? ደግሞስ ምን ያደርጉት ይሆን፣ በዚህ ዕድሜው፣ በዚህ ወገቡ፣ እግሩን ገልብጠው? ፈራ። «ዘ» የምትለው ፊደል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ያን ጊዜ አውሮፕላኑን አየው። አፍንጫው እንዳጠረ ተኝቷል፤ ጎኑ ላይ መጋጠሚያው የለም፤ ሁለት ወር ማታ ማታ የተፈቀ ነው። ለእሱ ሲባል። የገረፉት ደግሞ ቢተው የሚል አንድ ስም ለማውጣት ነበር፤ አንድ ስም፤ እንድሪስ ስሙን «ዘነጋሁት» ማለት እንኳ አላስፈለገውም፤ ዝም ብሎ ተገረፈ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የማላውቀውን አልጻፍኩም፣ ያወቅሁትንም አልካድኩም፣ ዛሬ ልጀምር? አለ በልቡ። ብዕሩን አነሳ።

«ትክክል ነው» አለ። «ዘጠኙም።» ድምፁ ቀጭን ሆኖ ወጣ፤ ፊርማው ግን አልተዛነፈም። ሁለቱንም ኮፒ ፈረመ። ካድሬው ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና ሰዓቱን አየ። ብርሃኑ ለጥበቃው ምልክት ሰጠ፤ ቢተው ሲነሳ ወንበሩን ከኋላው ሳብ አደረገለትና፣ ዐይኑን ሳያነሳ፣ «በዚህ በኩል ነው፣ ሻምበል ባሻ» አለው።

ጋራዡ በር ላይ ተገናኙ። እንድሪስ ጫማውን በእጁ ይዟል፤ እግሩ ተነፍቶ ጫማ የሚገባው አይደለም። ግድግዳውን ተደግፎ በተረከዙ ነው የሚራመደው። ቢተውን ሲያይ ደነገጠ፤ ጥበቃው ቢተውን ወደ ውስጥ ሲገፋው ደግሞ ይበልጥ ደነገጠ። «ጋሽ ቢተው! እርስዎ ደግሞ ምን አደረጉ? እኔ እኮ አልተናገርኩም! በአላህ ይሁንብኝ፣ አልተናገርኩም!» አለ። ቢተው ሊለው የሚገባ ብዙ ነገር ነበር፤ የአራት ዓመት ነገር። ጥበቃው ደግሞ ይቸኩላል።

«አውቃለሁ» አለው። «አፍንጫው ትንሽ ያጥራል። አገጣጠሙ ግን የባለሙያ ነው፤ መስመሩን ፈልጌ አጣሁት።» እንድሪስ ጫማውን እንደያዘ እንባው ወረደ። «ሂድ፤ በር ላይ ቆማለች፤ አታስጠብቃት» አለው ቢተው። በሩ ከውጭ ተዘጋ።

ውስጡ ጨለማ ነው፤ የዘይትና የሽንት ሽታ አለው። ሌሎች ሰዎች እንዳሉ ከትንፋሻቸው ታወቀው። አንዱ እግሩን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀለት። ቢተው ግን አልተቀመጠም፤ ብረቱ በር ላይ ጆሮውን ለጥፎ ቆመ። የእንድሪስ እግር ጠጠሩ ላይ ሲጎተት ሰማ፤ የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ሰማ። ወዲያው የፀሐይነሽ እልልታ ተነሳ፤ ከፍ፣ ከፍ አለና ድንገት መሀል ላይ ቆመ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፤ ጥበቃዎቹ ሲያባርሯት፣ እሷ ደግሞ እየጮኸች።

«ወንድሜስ? ወንድሜ የታለ?»

«አለሁ!» አለ ቢተው።

ጥበቃው በሩን በሰደፍ መታው። ቢተው ትንሽ ወደ ኋላ አለና፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ እስከ መንገዱ እንዲሰማ አድርጎ እንደገና ጮኸ።

«አለሁ፣ እህቴ! አለሁ!»